ነጩን አጎዛ ማን ዘረጋው?

መሐል ሜዳ፣ ጥቅምት 12 ቀን 1995 ዓ.ም.

ይድረስ ለወንድሜ ለመኳንንት፤ ላይፕዚግ፣ ጀርመን

የአክስቴ ልጅ፣ የእናትህ የዓይን ማረፊያ፣ እንደምን ከርመሃል? ሚካኤል በሄድክበት ሁሉ ክንፉን ይዘርጋልህ፤ ከሰው አገር ብርድ ይሰውርህ። እኛ ደህና ነን። እናትህ እቴቴ እታገኝ ጉልበታቸውን ቢያማቸውም ልባቸውም አፋቸውም እንደ ድሮው ነው፤ አንድ ነገር ካልጣማቸው ሰፈር ሙሉ ይሰማል። ገብሱን ዘንድሮ ውርጭ መታው። ቢሆንም የበግ ፀጉር አልጠፋም፤ እኔ እየፈተልኩ የሱፍ ብርድ ልብስ ለሚሠሩት ለባና ሠሪዎች እያቀረብኩ እንኖራለን።

ዛሬ የምጽፍልህ ግን ሌላ ነገር ነው። ቁጭ ብለህ አንብበው።

ቁም ድንጋይን ታስታውሰው የለም? ከጓሯችን አልፎ፣ ከከተማው ጫፍ ተደርድሮ የቆመውን። ወረዳው አምና ዙሪያውን በሽቦ አጥሮ «የቁም ድንጋይ ጥብቅ ሥፍራ» ብሎታል። በር አለው፣ ትኬት አለው፣ ሰሌዳ አለው። ሰሌዳው ላይ ድንጋዩ የሠላሳ ሚሊዮን ዓመት ዕድሜ እንዳለው ተጽፏል። ከብት አይገባበትም፣ እንጨት አይለቀምበትም። የአስታው ቁጥቋጦ አገግሞ ቁመቴን አልፏል፤ ጦስኙ ስትረግጠው ይሸታል፤ ሽኮኮው ሰው ሲያይ መሸሽ ትቶ ድንጋዩ ላይ ተዘርሮ ፀሐይ ይሞቃል። ከደብረ ብርሃን ሳይቀር ተማሪ በአውቶቡስ እየመጣ ይጎበኘዋል።

ባለፈው እሑድ ከቅዳሴ ስወጣ እኔም ትኬት ቆርጬ ገባሁ። በገዛ ጓሮዬ በትኬት! በሩ ላይ ካኪ ለብሶ፣ ዱላ ይዞ የሚያስጎበኘው ማን ቢሆን ጥሩ ነው? ተገኘ! ያ የአብዮት ጥበቃው ተገኘ፤ አባቴን የፊጥኝ አስሮ በከተማው መሐል የነዳው ተገኘ።

ተማሪዎቹን ሰብስቦ «ይህ ሁሉ ድሮ እሳት ነበር፤ ሲቀዘቅዝ እንዲህ ማዕዘን እያወጣ ተሰነጠቀ» ይላቸዋል። «ለሕንጻ ሊፈልጡት ሲመጡ ተከራክሬ ያስጣልኩት እኔ ነኝ» ይላቸዋል። አጨበጨቡለት። ሞቼ ነው ቆሜ? ከኋላ ሆኜ እንደ ተማሪ እጄን አወጣሁ። ፀሐይ ዓይኑ ውስጥ ገብታ ስለነበር አላወቀኝም፤ «ጠይቂ እናቴ» አለኝ።

«ገሠሠ የተያዘው የትኛው ድንጋይ ሥር ነው? የዚያን ቀን ነጩን አጎዛስ ማን ዘረጋው?» አልኩት።

ዱላውን ከአንዱ እጁ ወደ ሌላው አዛወረና «እሱ... እሱ ሰሌዳው ላይ የለም» አለ። የሠላሳ ሚሊዮን ዓመቱን ሲተርክ የነበረ ሰውዬ የሃያ አምስት ዓመቱ ጠፋው! አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። ከእንግዲህ እሑድ እሑድ የቁም ድንጋይ ቋሚ ጎብኚ ነኝ።

ተማሪዎቹ የአጎዛው ነገር አልገባቸውም። አንተ ግን ታውቃለህ። አባቴ ሸፍቶ ጓሳ ተራራ ላይ በነበረ ጊዜ አጎዛውን ድንጋዩ ላይ የምትዘረጋው አንተ ነበርክ። ሰላም ከሆነ ነጩን፣ ክፉ ካለ ጥቁሩን። አጎዛ ፀሐይ ማስመታት የማንም ቤት ሥራ ስለሆነ የሚጠረጥር አልነበረም። አባቴ ከማዶ ሸንተረር ላይ ሆኖ ያያል፤ ነጭ ከሆነ ከገበያተኛ ተቀላቅሎ ይገባል። ያን የጥር ቅዳሜ አንተ ጥቁሩን ዘርግተህ እንደተመለስክ ለእናትህም ለእኔም ነግረኸናል። አባቴ ግን ነጭ አይቶ መጣ። በሦስተኛው ቀን ረሸኑት፤ አስከሬኑን እንኳ ከለከሉን። ስለዚህ ጥቁሩን አንሥቶ ነጩን የዘረጋ ሰው አለ። በዚያ በኩል ጥበቃ የቆመው ደግሞ ተገኘ ነበር።

የምለምንህ አንድ ነገር ብቻ ነው። ልብስ አልልህም፣ ጫማ አልልህም። ጥቁሩን መዘርጋትህን በእጅህ ጽፈህ፣ ፈርመህ ላክልኝ። ወረዳ ሄጄ ብጠይቅ «የዓይን ምስክር በጽሑፍ ካመጣሽ እናየዋለን» ብለውኛል። ከአንተ በቀር ምስክር የለኝም። ይህን ሰው ያንን ካኪ አስወልቄ በዚያው በር ሳላሳፍረው ብሞት ዓይኔ አይከደንም።

እቴቴ ሁለት ዓይንህን ስመውሃል።

ደብዳቤህን በር በሩን እያየች የምትጠብቅ እኅትህ፣
ብርነሽ ገሠሠ

ላይፕዚግ፣ ታኅሣሥ 20 ቀን 1995 ዓ.ም.

ለውድ እኅቴ ለብርነሽ ገሠሠ፤ መሐል ሜዳ

የናፍቆት ሰላምታዬ ከዚህ ከበረዶ አገር ተነሥቶ አንቺና እናቴ ካላችሁበት በሰላም ይድረስ። የድንግል ልጅ ጤናችሁን ይጠብቅልኝ። እኔ እንደ ድሮው ዳቦ ፋብሪካ ነኝ። ዘንድሮ ብርዱ ጠንክሯል፤ ለሥራ የምወጣው ሁለት ሹራብ ደርቤ ነው።

ቁም ድንጋይ መታጠሩን ስሰማ ደስ አለኝ። ረጃጅሞቹ የጅብራ ተክሎች አሁንም አሉ? በስተምሥራቅ ያለው ስንጥቅ፣ ልጅ ሆነን እየተሽሎከለክን የምንደበቅበት፣ አሁንም ሰው ያስገባል? እዚህም ከምኖርበት ሕንጻ ጀርባ በመኪና መንገድ መሐል የቀረች አንዲት ትንሽ የታጠረች ደን አለች። ውስጧ በበረዶ ዘመን ከሩቅ አገር ተንከባሎ መጣ የሚሉት የቤት ያህል ድንጋይ አለ። እሑድ እሑድ ሄጄ አጠገቡ እቀመጣለሁ። ድንጋይ ጥሩ ነው፤ ሰውን አይጠይቅም። አንዳንድ ቀን ዳቦ ይዤ ሄጄ ለወፎቹ እበትናለሁ።

ስለ ተገኘ የጻፍሽውን አንብቤያለሁ። ያኔ የታዘዘውን የሚሠራ ልጅ ነበር፤ አሁን ደግሞ አርጅቷል። ይቅር በይው ብዬ አልመክርሽም፤ የአባት ነገር ከባድ ነው። ግን ለእግዚአብሔር ብትተዪውስ? አንቺም እኮ ራስሽን ትጎጃለሽ።

ወደ አገር ቤት በሚገባ ሰው እጅ ለእናቴ ወፍራም ካፖርት፣ ለአንቺ ቆዳ ጫማ ልኬያለሁ። ለከርሞ ፋሲካ ፈቃድ ጠይቄ ለመምጣት አስቤያለሁ። ሃያ አራት ዓመት ከናንተ መራቅ ይበቃኛል። ለእናቴ ይህንን አንብቢላት።

በሐሳብ ከእናንተ የማይለይ ወንድምሽ፣
መኳንንት

መሐል ሜዳ፣ ጥር 25 ቀን 1995 ዓ.ም.

ይድረስ ለመኳንንት

በጥምቀቱ የተባረከው ውኃ አንተም ዘንድ ይድረስ፤ ጤናህ ይብዛ። ካፖርቱ ለእቴቴ ልክክ ብሏል፤ ቤተ ክርስቲያን ለብሰውት ሄደው ሰው ሁሉ ዞሮ ሲያያቸው ደስታቸው ለጉድ ነው። ጫማው ግን ሳጥኑ ውስጥ ነው፤ አላደረግኩትም። የካፖርቱን ኪስ ሁለቱንም ፈተሽኩ፤ የጫማውን ሳጥን ገለበጥኩ። ወረቀት የለም! እኔ ወረቀት ብዬ ጮኼ አንተ ቆዳ ትልክልኛለህ?

ደግሞ ለእግዚአብሔር ተዪው ትለኛለህ። እግዚአብሔርማ ሃያ አምስት ዓመት ሙሉ ተውኩለት። እሱ ጥብቅ ሥፍራ አሠርቶ፣ ካኪ አልብሶ፣ ጠላቴን እበራፌ ድረስ አመጣልኝ። ከዚህ በላይ ምን ያድርግልኝ?

እስከ ዛሬ ዐሥራ አራት እሑድ ገብቻለሁ። ትኬቴን የሚቆርጥልኝ ራሱ ተገኘ ነው፤ ቀና ብሎ አያየኝም። የድንጋዩን ነገር ተናግሮ፣ የቀይ ቀበሮውን ተናግሮ፣ «ጥያቄ ያለው?» ማለት ትቷል። ሳይጠይቀኝ እጠይቀዋለሁ። «ነጩን አጎዛ ማን ዘረጋው?» እላለሁ፤ ሌላ አንድ ቃል አልጨምርም። አሁን የከተማው ሰው ድንጋዩን ሳይሆን እኔን ለመስማት ነው ትኬት የሚቆርጠው። አብሮህ የተማረው መምህር ዓምደ ሚካኤል ተማሪዎቹን ይዞ መጥቶ ነበር፤ አንዷ ልጅ ቀደመችኝና በቀጭን ድምጿ ጠየቀችው። ተገኘ ዱላውን ጥሎ ሽንት ቤት ገባ። እሰይ!

ሌላም ልንገርህ። የተገኘ ልጅ ጽናት ታጭታ ነበር። የእጮኛዋ ወገኖች ነገሩን ሰምተው «ደም ካለበት ቤት ልጅ አንወስድም» ብለው ማጫውን አስመለሱ። ልጅቷን በመንገድ አገኘኋትና ዓይኗ ቀልቶ አየሁት። አዘንኩላት ብዬ አልዋሽህም። ለእኔም በዐሥራ አምስት ዓመቴ ማንም አላዘነልኝም።

ወረቀቱን ላክ። አንድ ገጽ አይሞላም።

ብርነሽ

ላይፕዚግ፣ ግንቦት 18 ቀን 1995 ዓ.ም.

ለእኅቴ ለብርነሽ

የትንሣኤው ጌታ በደስታ ያኑራችሁ። መልሴ በመዘግየቱ አትቀየሚኝ፤ ለሁለት ወር ያህል አሞኝ ነበር። ጨጓራ ነው አሉኝ። ያንቺም ደብዳቤ ሌላ ሰው ሳጥን ውስጥ ገብቶ ቆይቶ ነው የደረሰኝ።

ስለ ጽናት ስሰማ አልተኛሁም። ልጅቷ ምን አደረገች? ብርዬ፣ ያ ቀን ከራቀ ብዙ ዘመኑ ነው። እኔም እንዲህ ነበር ብዬ በእርግጠኝነት ለመጻፍ ይከብደኛል። ምናልባት ጥቁሩን ነፋስ ገልብጦት ይሆናል፤ የአጎዛ ውስጠኛው ቆዳ ከሩቅ ሲታይ ነጣ ይላል። ማን ያውቃል? በሰው ላይ እጅን ከማንሣት በፊት እንዲህ ያለውንም ማሰብ ነው።

ተገኘ ለጥያቄሽ ምንም አልመለሰም? ከሰው ጋር ሲጫወትስ ስለዚያ ቀን ያነሣው ነገር አለ? የእኔን ስም አንሥቶ ያውቃል? ይህን ብቻ ጻፊልኝ።

ፎቶ ማንሻ ልኬልሻለሁ፤ ፊልሙ ውስጡ ነው። እናቴን ከቁም ድንጋይ ጋር አንሺልኝ።

መኳንንት

መሐል ሜዳ፣ ነሐሴ 3 ቀን 1995 ዓ.ም.

ይድረስ ለመኳንንት

ጨጓራህን እመብርሃን ትዳብስልህ። ነፋስ ገለበጠው ላልከው መልስ የለኝም። አጎዛ በድንጋይ ተጭኖ እንደሚዘረጋ ረስተኸዋል መሰለኝ፤ የሰው አገር ዳቦ ይህንንም ያስረሳል? ተገኘ ስምህን አላነሣም። ለምን ያነሣሃል?

አሁን የምነግርህን ስማ። ሐምሌ 19፣ የገብርኤል ዕለት፣ ጭጋጉ በር ላይ እንደቆመ ውሻው ጮኸ። ብወጣ ተገኘ ነው። ካኪውን አውልቆ፣ ድንጋይ አንገቱ ላይ ተሸክሞ፣ ዝናብ እየወረደበት ከደጄ ተንበርክኳል። እቴቴም ከኋላዬ ወጡ።

«ብርነሽ፣ በሚካኤል፣ በአባትሽ አጥንት፣ ይቅር በይኝ» አለኝ።

«ለምኑ?» አልኩት።

«እጁን አስሬያለሁ። ጠበቅ አድርገህ እሰር አሉኝ፣ ጠበቅ አድርጌ አሰርኩት። ውኃ ስጠኝ ብሎኝ አልሰጠሁትም።»

«አጎዛውስ?»

እቴቴ «ተናገር እንጂ! ወንድሜን ምን አድርገኸው ነው?» ብለው ጮኹበት። እሳቸውን ቀና ብሎ አያቸውና «እማማ እታገኝ፣ የኔን ኃጢአት ነው ይዤ የመጣሁት፤ የሌላውን አይደለም» አለ።

«ማነው ሌላው?» አልኩት። በሌላ ሰው አሳቦ ሊያመልጥ ነው እንግዲህ! የተሸከመውን ድንጋይ አውርድ የሚል ቃል ከአፌ እየጠበቀ፣ ውኃው በአገጩ እየወረደ፣ እንደተንበረከከ ቆየ። ድንጋይ ተሸክሞ የመጣን ሰው ፊት መንሳት ነውር እንደሆነ አውቃለሁ፤ ጎረቤቱም በአጥር እያየ ነበር። በሩን ዘጋሁበት። ሲመሽ ወጥቼ ብመለከት ድንጋዩ ከደጄ ተቀምጧል፤ እሱ ሄዷል። የዚያን ዕለት እራቴን በደስታ በላሁ።

ድንጋይ መሸከሙን ያየ ሁሉ አመነ አለ። ወረዳውም ከሥራ አገደው። ሽማግሌዎች ተሰብስበው እንዲህ ወሰኑ፤ ኅዳር 12፣ በሚካኤል በዓል፣ በቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ተገኘ አጎዛውን አልነካሁም ብሎ ይማል፤ ካልማለ ከእድርም ከማኅበርም ይወጣል፤ ሲሞትም የሚቀብረው የለም። «ከአንቺስ ወገን ማን ይምላል?» አሉኝ። እኔ የአንተን ወረቀት እጠብቃለሁ ልላቸው ስል እቴቴ ዱላቸውን ተደግፈው ተነሡ። «ልጄ ጥቁሩን እንደዘረጋ በገዛ አፉ ነግሮኛል። በልጄ ፋንታ እኔ እምላለሁ። ውሸት ከሆነ ሥጋ ወደሙ ይፍረድብኝ፤ ነፍሴም ከወንድሜ ነፍስ አትገናኝ» አሉ። ሽማግሌዎቹ ተነሥተው እጅ ነሷቸው።

እንግዲህ ወረቀትህ ባይደርስም ጉዳዬ አይቀርም። እናትህ ቆመውልኛል።

ብርነሽ ገሠሠ

ላይፕዚግ፣ ጥቅምት 10 ቀን 1996 ዓ.ም.

ብርነሽ፣

እናቴን አታስምያት። ከሁሉ በፊት ይህን አንብቢ። በምንም ምክንያት ከዚያ በር ላይ እንዳትቆም።

ነጩን አጎዛ የዘረጋሁት እኔ ነኝ።

ሁለት ወር ሙሉ ጽፌ ስቀድ ነበር። ስልክ ልደውል አስቤ ድምፄን ፈራሁት። ይህንን አዲስ አበባ ድረስ በሚሄድ ሰው እጅ ልኬዋለሁ፤ ከኅዳር 12 በፊት እንዲደርስ ስለቴን ለሚካኤል ተስያለሁ።

ማንም አልመታኝም። ይህን እንድታውቂ እፈልጋለሁ። ሐሙስ ዕለት የቀበሌው ሊቀመንበር ከትምህርት ቤት አስጠራኝ፤ ወንበር ሰጠኝ። «ወደ ምሥራቅ ጀርመን ለትምህርት የሚላኩ ልጆች ዝርዝር መጥቷል፤ ስምህ አለበት። የሽፍታ ዘመድ ግን አይላክም» አለኝ። ይህንን ብቻ ነው ያለኝ። ስለ አጎዛው ምንም አያውቅም ነበር። የነገርኩት እኔ ነኝ። ከወንበሩ ሳልነሣ ነገርኩት።

ቅዳሜ ጠዋት ነጩን ይዤ ሄድኩ። ዳርና ዳሩን በድንጋይ ጫንኩት። ተገኘ ከአስታው ሥር ጠመንጃ ይዞ ቆሞ ያየኝ ነበር፤ ምን እንደሆነ ያኔ አልገባውም፣ በኋላ ነው የገባው። ጋሼ ገሠሠ ከገበያተኛው ጋር መጡ። ከድንጋዩ አጠገብ ተቀምጬ ሲያዩኝ ፈገግ አሉልኝ። ከዚያ ከበቧቸው። ተገኘ እጃቸውን እንዲያስር ታዘዘ፣ አሰረ። ከዚህ ሌላ በደል የለበትም። ጋሼ ገሠሠ ሲወስዷቸው ዞረው ወደ እኔ አላዩም። ለእኔ ሲሉ እንደሆነ የገባኝ እዚህ ከመጣሁ በኋላ ነው፤ ወደ እኔ ቢያዩ ተባባሪያቸው ነው ተብዬ አብሬ እንዳልያዝ ብለው ነው።

በዓመቱ መስከረም አውሮፕላን ተሳፈርኩ። ጠላ ጠምቃችሁ ሸኛችሁኝ። አንቺ ጥቁር ለብሰሽ፣ እያለቀስሽ፣ «አባዬ ይህን ቢያይ» አልሽኝ።

አንድ ልመና አለኝ፤ ሌላ መብት ባይኖረኝም። ይህን ለእናቴ አታንብቢላት። ዓይኗ ደክሟል፤ ከአንቺ በቀር የሚያነብላት የለም። ልጅሽ አሞታል፣ መሐላው ይቅር ብሏል በያት። ፋሲካ እመጣለሁ። እግርሽ ሥር እወድቃለሁ፤ ያሻሽን አድርጊኝ። ከእሷ ጋር ግን አታጣይኝ።

መኳንንት

መሐል ሜዳ፣ ኅዳር 27 ቀን 1996 ዓ.ም.

ለነፍስ ኄር መኳንንት፣

እንዲህ ብዬ ስለጀመርኩ አይግረምህ፤ ዝቅ ብለህ ታነበዋለህ።

ደብዳቤህ ኅዳር 10 ደረሰ። እቴቴ ካፖርታቸውን ለብሰው ግድግዳውን ተደግፈው ፀሐይ ይሞቁ ነበር። «የልጄ ናት? እስቲ በይ ምን አለ?» አሉኝ። መጀመሪያ እንደ ሁልጊዜው ለራሴ አየሁት። አታንብቢላት ያልከውንም አየሁ። አንብቤ ከጨረስኩ በኋላ ያየሁት እንዳይመስልህ። አይቼው፣ አውቄው፣ ሆን ብዬ ነው ያነበብኩላቸው። አንድ ቃል ሳልዘል፣ ድምፄን ሳልቀንስ። ሃያ አምስት ዓመት በተገኘ ላይ ያጠራቀምኩት በሙሉ አንድ ጊዜ ወደ አንተ ዞረ፤ ላይፕዚግ ድረስ የሚደርስ እጅ ስለሌለኝ በእናትህ ጆሮ መታሁህ።

እቴቴ አልጮኹም። «ፈገግ አለለት ነው ያለው?» አሉኝ።

«አዎ እቴቴ።»

«እንደገና አንብቢው።»

አነበብኩላቸው። ተነሡ፤ ካፖርቱን አውልቀው ከግድግዳው ሥር አስቀመጡት፤ ነጠላቸውን ዘቅዝቀው ለበሱ፤ ከግቢው መሐል ባዶ መሬት ላይ ቁጭ አሉና «ልጄን! ልጄን! አንድ ልጄን!» ብለው ለቅሶ ጀመሩ። ጎረቤት ግልብጥ ብሎ መጣ። «ምን ሆነ? መኳንንት ነው? መቼ ሞተ?» ይላል ሰው ሁሉ።

«ከሞተ ሃያ አምስት ዓመት አልፎታል» አሉ እቴቴ። «እኔ የተረዳሁት ዛሬ ነው።»

ሰው ኀዘን ያናወዛቸው መሰለውና ወደ እኔ ዞረ። እጄ ላይ ፖስታውን አይተዋል። በሕይወት አለ፣ ዳቦ ይጋግራል ማለት የምችለው እኔ ብቻ ነበርኩ። «እውነታቸውን ነው፤ ሞቷል» አልኩ። እድሩ በአንድ ሰዓት ውስጥ ድንኳን ተከለ። ቄሱ የክርስትና ስምህን ሲጠይቁ እቴቴ ራሳቸው ነገሯቸው፤ ፍትሐት ተደረገልህ። ሦስት ቀን ሙሉ አገር መጥቶ አለቀሰልህ። መምህር ዓምደ ሚካኤል የክፍልህን ልጆች አሰባስቦ ይዞ መጣ። እኔም ደረት መታሁ፤ የአባቴን ለቅሶ ያኔ ስለከለከሉን የእሱን ነው ያለቀስኩት።

የሚካኤል ዕለት መሐላ አልነበረም። ከድንኳኑ ወጥቼ ሽማግሌዎቹ ፊት ቆምኩና «ተገኘን በድየዋለሁ፤ አጎዛውን አልነካም» አልኳቸው። «ታዲያ ማነው?» አሉኝ። «የዘረጋው ሰው ሞቷል» አልኳቸው። ለሟች ክብር ሲሉ ስሙን አልጠየቁኝም። ጽናትን ካጯት ሰዎች ቤት ሄጄ እግራቸው ላይ ወድቄ ነገርኳቸው፤ እናያለን ብለዋል። ልጅቷ ግን እስከ ዛሬ አላናገረችኝም፤ እውነት አላት።

ተገኘ ቤት የሄድኩት በማግሥቱ ነው። «እያወቅህ ያን ሁሉ እሑድ ለምን ስትዋረድ ኖርክ?» አልኩት። «እማማ እታገኝ ወንድማቸውን አጥተዋል፤ ልጃቸውንም እኔ ላሳጣቸው?» አለኝ። ያን ሁሉ እሑድ እኔ ስጠይቀው እሱ እናትህን ይጠብቅልህ ኖሯል። ይቅር በለኝ አልኩት። «እስቲ ላስብበት» አለኝ። «እጁን አስሬያለሁ» ብሎ ይቅርታ የጠየቀኝን ደግሞ እኔም እያሰብኩበት ነው።

የፋሲካውን ነገር ተወው። የአንተ አርባ ታኅሣሥ 19 ይወጣል፤ እቴቴ ገብሱን ከአሁኑ አስቀምጠዋል። የተለቀሰለት ሰው፣ ፍትሐት የተደረገለት ሰው፣ በምን ዓይኑ ነው በገበያው መሐል የሚያልፈው? ብትመጣ ሕፃናቱ ሲያዩህ ይሸሻሉ፣ ትልልቁ ያማትብብሃል። እናትህ ደግሞ በሩን አይከፍቱልህም፤ ጠይቄያቸዋለሁ።

እውነቱን ልንገርህ፤ እስከ ሦስተኛው ቀን ድረስ እቴቴ ይህን የሚያደርጉት ሊበቀሉህ መስሎኝ ነበር። ደስ ብሎኝ ነበር። እንዲህ ያለ በቀል እኔ ሃያ አምስት ዓመት አስቤ አላገኘሁትም ብዬ ሳደንቃቸው ነበር። ድንኳኑ ተነቅሎ፣ ለቀስተኛው ሁሉ ሄዶ ሁለታችን ብቻ ቀረን። እሳቸው አሁንም መሬት ላይ ናቸው፤ ጉንጫቸውን ቧጥጠውት ደም አለው፤ አንተን በልጅነት ስምህ እየጠሩ ያለቅሳሉ። «እቴቴ፣ ይበቃል አሁን፤ ማንም የሚያየን ሰው የለም» አልኳቸው።

«ለሰው መሰለሽ እንዴ የማለቅሰው?» አሉኝ።

ይኸው ዐሥራ ሰባት ቀናቸው ነው፤ አላቆሙም።

ብርነሽ ገሠሠ